የሠራተኛ አያያዝና የመሥሪያ ቤት ፍሬ በጨርጨር ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ በኩል ወደ ሐረር የሚጓዝ መንገደኛ አሰቦትንና ምኤሶን ካለፈ በኋላ ሜዳውን ትቶ ወደ ጨርጨር ተራሮች መውጣት ይጀምራል። ከዳገቱ በላይ፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው ከተማ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ጭሮ ናት። በዕድሜ የገፉት ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ድረስ አሰበ ተፈሪ ሲሏት ይሰማል። ይህን ስም ረጋ ብሎ ለተመለከተው ሰው ስሙ ራሱ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ተፈሪ አሰበ ማለት ነው። ታዲያ ምን አሰበ? ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከከተማ ቈርቋሪነት ያለፈ ሆኖ እናገኘዋለን። የታሰበው ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ የሚሆን አንድ አውራጃ ማቋቋም፣ በዚያም የመንግሥት ሹምና ሠራተኛ ገባር መመደቡ ቀርቶ በደመወዝ የሚያድርበትን አሠራር መሞከር ነበር።

በዘመናችን የንግድና የአስተዳደር ትምህርት ሊቃውንት የሰው ኀይል አስተዳደር የሚሉት አንድ ሰፊ ጥናት አላቸው። ሠራተኛ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንዴት እንደሚሠለጥን፣ ምን ያህልና በምን ጊዜ እንደሚከፈለው፣ በምን መንገድ እንደሚያድግና እንደሚሰናበት ከመረመሩ በኋላ፣ ይህ ሁሉ ከድርጅቱ ትርፍና ውጤት ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ ከውጭ አገር መጻሕፍት ጋር የመጣ የፋብሪካ ጥያቄ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በአንዲት አውራጃ ውስጥ፣ በተራራው ላይ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት፣ ከተራራው ሥር ደግሞ በምድር ባቡር ኩባንያ፣ ከአንድ ሰው ዕድሜ በፊት የተሞከረ ነገር መሆኑን ለአንባብያን ልናስታውስ እንወዳለን።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከደመወዝ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። አፄ ምኒልክ በጥር ወር 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ፣ በአገሩ የሰፈረው ሹምና ወታደር በወር የሚቈጠርለት ገንዘብ አልነበረውም። ስለ አገልግሎቱ የሚሰጠው ገባር ነበር። እንደ ማዕረጉ መጠን ለአንዱ ጥቂት፣ ለሌላው ብዙ ገባሮች ይመደቡለታል፤ ገባሩም እህሉንና ማሩን ያገባል፣ እንጨት ይለቅማል፣ እህል ያስፈጫል፣ አጥር ያጥራል፣ ጌታው ሲዘምት ስንቁን ይሸከማል። በጨርጨር ይህን ሸክም በብዛት የተሸከመው የኢቱ ኦሮሞ ገበሬ ነበር።

ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን አሠራር ብዙውን ጊዜ የሚመለከቱት ከፍትሕ ወገን ነው፤ መመልከታቸውም ተገቢ ነው። እኛ ደግሞ በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ እንዳለ ሰው ሆነን፣ ማለት እንደ አንድ የሠራተኛ አያያዝ ደንብ አድርገን ልናየው እንሞክር። ሹሙ ለሥራው ተፈትኖ አይመረጥም። የሥራው ልክ ተጽፎ አይሰጠውም። በጦርነት ጊዜ እንዲዘምት፣ በሰላም ጊዜም የተወሰነውን ግብር ወደ በላይ እንዲያደርስ ይጠበቅበታል፤ ከዚህ የቀረውን ኑሮውን ግን የሚያገኘው ከገባሩ ነው። እንግዲህ እንዲህ ባለው ደንብ ውስጥ ትጉህ ሠራተኛ ማን ነው? ከገባሩ አብልጦ ማውጣት የሚችለው ነው። ሥልጣኑ መቼ እንደሚሻር አያውቅም፤ ሲሻርም ጡረታ የለውም። ስለዚህ የእርጅናውን ስንቅ ዛሬውኑ መሰብሰብ አለበት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ከስስታም ሰው ጠባይ ብቻ የተወለደ አይመስለንም፤ የሥራው ውል ራሱ የወለደው ነው። ጠባዩ የቀና ሰው እንኳ ቢሾም ውሉ ወደዚያው ይስበዋል።

ለቀደሙት ሰዎች ግን ፍርድ ማጓደል አይገባንም። ደመወዝ ለመክፈል በእጅ የሚቈጠር ብር ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የሚሠራበት ገንዘብ ከውጭ አገር የሚመጣው የማርያ ቴሬዛ ብር ነበረ፤ እርሱም በገጠሩ እጅግ ብርቅ ነበር። መንግሥቱ ብር ያልነበረው በመሆኑ ያለውን፣ ማለት መሬትንና የሰውን ጉልበት ከፈለ። ጨርጨር ከሌሎች አውራጃዎች የተለየ ዕድል የገጠመውም በዚህ በኩል ነው። ከሐብሮ፣ ከገለምሶና ከበዴሳ በኩል የሚመረተው ቡና የሐረር ቡና በሚባለው ስም በውጭ ገበያ የታወቀ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገብቶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በምኤሶና በአሰቦት አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የጨርጨር ቡና በአጋሰስና በግመል ወደ ሜዳው ወርዶ በባቡር ላይ መጫን ቻለ። ብር ወደ ተራራው መውጣት የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

በ1910ዎቹ ዓመታት ጨርጨርን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ፤ በበጅሮንድነትና በፊታውራሪነት ማዕረግ የሚታወቁት ናቸው። እኒህ ሰው ከአድዋ ጦርነት በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ መኰንን ትምህርት ተምረዋል፤ በአማርኛ የመጀመሪያውን ተውኔት የደረሱት፣ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ የገንዘብ ሚኒስትርም የሆኑት እርሳቸው ናቸው። ከጨርጨር አስቀድሞ ጅጅጋን አስተዳድረዋል። ከእርሳቸው በኋላ፣ በ1920ዎቹ፣ ጨርጨርን የያዙት ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። እርሳቸውም በ1857 ዓ.ም. ተወልደው፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኰንኖች እጅ ወደ ህንድ ተወስደው፣ ቻርልስ ማርቲን ተብለው አድገው፣ ሐኪም ሆነው የተመለሱ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት በኀላፊነት ያገለገሉትም እርሳቸው ናቸው።

የሁለቱን ሰዎች ታሪክ ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ነገር ትኵረታችንን ይስባል። ብዙውን ጊዜ በውጭ አገር ተምረው ስለ መጡ አዲስ አሳብ አመጡ ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ግን አልበቃንም። ሁለቱም በሰው አገር የኖሩት የደመወዝ ደንብ ባለበት ተቋም ውስጥ ነው። ተክለ ሐዋርያት ያደጉት ማዕረግና ቀለብ በመዝገብ በሚሰፈርበት ጦር ሠራዊት ዘንድ ነው፤ ሐኪም ወርቅነህም በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነው በወር ደመወዝ ያገለገሉ ናቸው። ስለ ደመወዝ ጥቅም ከመጽሐፍ ብቻ የተረዳ ሹምና በደመወዝ አድሮ ያየ ሹም እኩል አይደሉም። ወሩ ሲያልቅ ገንዘቡ እንደሚመጣ ያወቀ ሰው የሚያድርበትን እርጋታ ሁለቱም በራሳቸው ቀምሰውታል።

በጨርጨር የተደረገው መሻሻል በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ገበሬው ለመንግሥት የሚከፍለው ግብር በገንዘብ ልክ ተወሰነ፤ ከግብሩ በላይ በየሰበቡ ይጠየቅ የነበረው የጉልበት ሥራና መዋጮ እንዲቀንስ ተደረገ፤ ሹሙና ጸሐፊው ከግምጃ ቤት በሚከፈል ደመወዝ እንዲያድሩ ተደነገገ። ከተራራው ወደ ባቡር ጣቢያው የሚያወርድ መንገድ ተሠራ። አሰበ ተፈሪም የዚህ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች። በዚያ ዘመን አገራችንን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ አስተዳደር ሲጽፉ ጨርጨርን እንደ ምሳሌ አውራጃ መጥቀሳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ብንናገር አንባቢ አይቀየመንም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ደመወዝ የሚለው ስም ደም እና ወዝ ከሚሉት ሁለት ቃላት የተጋባ ነው ይባላል። ሠራተኛው ደሙንና ወዙን ሰጥቶ የሚቀበለው ዋጋ ማለት ነው። ማደሪያ የሚለው ቃል ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ ሰውዬው የሚያድርበት፣ ማለት ሌላው ሰው የሚያሳድርበት ነው። በአንደኛው ቃል ውስጥ የሚሠራው ሰው ራሱ አለ፤ በሁለተኛው ግን ገባሩ ከበስተኋላ ተሰውሮ ቆሟል። ሠራተኛ ማን እንደሚያበላው ያውቃል፤ ዐይኑም ወደዚያ እጅ ያዘነብላል። በገባር ያደረ ሹም ዐይኑ ከገባሩ ጎተራ ላይ አይነቀልም፤ በግምጃ ቤት ያደረ ሹም ግን የግምጃ ቤቱን መዝገብ ይፈራል። በጨርጨር የተለወጠው ዋናው ነገር ይህ ይመስለናል።

መሻሻሉ ግን ሁሉን ነገር ያቃና አልነበረም። ደመወዝ የሹሙን እጅ ሰበሰበ እንጂ ለገበሬው መሬቱን አልመለሰለትም፤ የመሬት ጥያቄ እስከ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ ቆይቷል። ደግሞም አሮጌው አሠራር በአንድ ደብዳቤ አይሞትም። ትናንት ማር ይቀበል የነበረ ምስለኔ ዛሬ ደመወዝ ስለ ተቈረጠለት ብቻ ማሩን እምቢ አይልም። ይሁን እንጂ ሕጉ ከተለወጠ በኋላ የተቀበለው ማር ስሙ ተለውጧል፤ ቀድሞ መብት የነበረው አሁን ጉቦ ሆኗል። ከሳሽም ሊቆምበት የሚችል መሬት አገኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ተቃውሞ እንምጣ። ጨርጨር የተሳካለት ደመወዝ ስለ ከፈለ ነው ወይስ ቡናና ባቡር ስለ ነበረው ደመወዝ መክፈል ቻለ? ይህ ጥያቄ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ማርክ ሁሰሊድ የተባለ የአሜሪካ ምሁር አንድ ሺህ ገደማ የሚሆኑ የአገሩን ኩባንያዎች መርምሮ፣ ሠራተኞቻቸውን በጥንቃቄ የሚመርጡ፣ የሚያሠለጥኑና እንደ ሥራቸው ውጤት የሚከፍሉ ኩባንያዎች ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ እንደማይለቅቃቸው፣ በአንድ ሠራተኛ የሚያገኙት ሽያጭም እንደሚበልጥ አሳየ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን፣ እነ ፓትሪክ ራይት ጭምር፣ በጎ የሠራተኛ አያያዝ ከወደፊቱ ትርፍ ጋር ብቻ ሳይሆን ካለፈው ትርፍ ጋርም የዚያኑ ያህል ዝምድና እንዳለው አመለከቱ። ያተረፈ ኩባንያ ሠራተኛውን ያንቈጠቍጣል እንጂ ያንቈጠቈጠ ኩባንያ ሁሉ ያተርፋል ለማለት አይቻልም ማለታቸው ነው።

ለዚህ ተቃውሞ ሙሉ መልስ አለን አንልም። ሆኖም ጨርጨርን ከሌላ የቡና አገር ጋር ብናነጻጽረው ጥቂት ብርሃን እናገኛለን። ከፋ የቡና አገር ነው፤ ቡናውም በዱር የሚበቅል ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን የገባርና የባሪያ ንግድ አሠራር አገሩን ከሰው አራቈተው። ሀብት ብቻውን በጎ አስተዳደርን እንደማይወልድ በዚህ እናያለን። በርግጥ ከፋ ባቡር አልነበረውም። ስለዚህ ጨርጨርን ራሱን ከራሱ ጋር እናነጻጽር፤ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ቡናውም ሐዲዱም ለጨርጨር ነበሩት፣ ሹሙ ግን ገና በገባር ያድር ነበር። የደመወዙ ደንብ የመጣው በኋላ፣ አሳቡን የያዙ ሰዎች ሲሾሙ ነው። ብሩ በሩን ከፈተ እንበል፤ በበሩ ለመግባት ግን ሰው ማሰብ ነበረበት። የከተማይቱ ስም በዚህ ረገድ እውነቱን ይናገራል።

በሌላው ዓለም የዚህ ዓይነቱ ነገር ከሁሉ በላይ የታወቀው በሄንሪ ፎርድ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. በዚያ ፋብሪካ 14,000 ያህል ሠራተኞችን በሥራ ላይ ለማቈየት በዓመቱ ውስጥ ከ50,000 የሚበልጡ ሰዎች መቅጠር አስፈልጎ ነበር፤ ሥራው አሰልቺ በመሆኑ የተቀጠረው ሁሉ ጥሎ ይሄድ ነበርና ነው። በጥር 1914 የቀን ደመወዙ ከእጥፍ በላይ አድጎ አምስት ዶላር ሲሆንና የሥራው ሰዓት ከዘጠኝ ወደ ስምንት ሲቀነስ የሠራተኛው መፍለስ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ቆመ ለማለት የሚያስደፍር ሆነ። ፎርድ ግን ለገንዘቡ ምትክ የሠራተኛውን ቤትና ጠባይ የሚመረምሩ ሰዎች ይልክ ነበር። አሠሪ የሚከፍለው ሲበዛ ሠራተኛውን የገዛው ይመስለዋል፤ ይህ በሽታ የአሜሪካ ብቻ አይደለም።

ከተራራው ሥር ወዳለው ኩባንያ እንውረድ። የምድር ባቡሩ ውል በ1886 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የተሰጠ ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ ድሬዳዋ ላይ ገንዘቡ አልቆበት ከወደቀ በኋላ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተተክቶ መንገዱን ፈጸመ፤ ጠቅላላ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። በምኤሶና በአሰቦት ጣቢያዎች የተቀጠረው ሰው በአገሩ አዲስ ዓይነት ሰው ነበር። በፀሐይና በጥላ ምትክ በሰዓት ይሠራል፤ ከገባር ምንም አይጠብቅም፤ ወሩ ሲያልቅ ይከፈለዋል። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ነበር። ይህ ለዛሬ ሰው ቀርፋፋ ይመስለዋል፤ በቅሎ ለለመደው መንገደኛ ግን ተአምር ነበር። ተአምሩም የተሠራው በከሰል ኀይል ብቻ ሳይሆን፣ ሐዲድ የሚጠብቀው፣ ውኃ የሚሞላውና መብራት የሚያሳየው ሰው በየቦታውና በየሰዓቱ በመገኘቱ ነው።

የኩባንያው ጉድለት ግን በሌላ በኩል ነበር። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው፤ ከፍ ያሉት የሥራ ቦታዎችም ለረዥም ጊዜ በውጭ አገር ሰዎች እጅ ነበሩ። ኢትዮጵያዊው ሠራተኛ ሥራውን አጥብቆ ቢያውቅም የሚወጣበት ደረጃ ጣሪያ ነበረው። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነገ የት እንደሚደርስም ያስባል። የበላዩ በር እንደ ተዘጋ ሲያይ ወደ ጎን ወደ ጓደኛው ይመለከታል። ከነጻነት በኋላ ባሉት ዓመታት በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ የተነሣው በድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞች መካከል መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም። ሕግ ይህን ነገር በሚገባ የተቀበለው ዘግይቶ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ የወጣው በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የተቋቋመውም በ1955 ዓ.ም. ነው። ኩባንያው ራሱ በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት መቀመጫውን ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ሲያዛውርና የኢትዮጵያ መንግሥት ድርሻ እኩሌታ ሲሆን፣ የተዘጋው በር ቀስ በቀስ መከፈት ጀመረ።

የጨርጨር አስተዳደር ሙከራ በጠላት ወረራ ተቋረጠ። ሐኪም ወርቅነህ በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ወደ ለንደን ሄደው ነበርና ጦርነቱን ያዩት ከዚያ ነው። ተክለ ሐዋርያትም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ከተሟገቱ በኋላ ለረዥም ዘመን በስደት ኖረዋል። ከስደት ሲመለሱ የተቀመጡት እዚያው ጨርጨር ውስጥ በሒርና ነው፤ በእርሻ ሥራ እየኖሩ የሕይወታቸውን ታሪክ ጽፈው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ ነው። ባለደመወዝ መንግሥትን ከተመኙት ሰዎች አንዱ በመጨረሻ ያደሩት በገዛ እርሻቸው ነበር።

አሳባቸው ግን በአገር ደረጃ የተደነገገው ከድል በኋላ ነው። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ገዥዎችን የመንግሥት ሹሞች አደረጋቸው፤ ደመወዛቸውም ከመንግሥት ሆነ። በጨርጨር ምሳሌ የነበረው በየጠቅላይ ግዛቱ ደንብ ሆነ ማለት ነው። ደመወዝ ብቻውን እንደማይበቃ ለመረዳት ግን ሌላ ሃያ ዓመት ወሰደ። ማን ይቀጠር፣ ማን ይደግ የሚለው ነገር በየመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበርና፣ በ1954 ዓ.ም. የማዕከላዊ ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የሥራ ቦታዎች በደረጃ እንዲመደቡ፣ ቅጥርና ዕድገትም በችሎታ እንዲሆን ታሰበ። እዚህም ላይ መታሰቡ ከመፈጸሙ ይቀድማል።

ይህን ለማለት ያበቃንን ነገር ሳንናገር ብናልፍ ቅሬታችን ይቀራል። እኛ ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ስናገለግል፣ በመዝገብ ቤት ውስጥ አንድ ፀጥተኛ ሠራተኛ ነበሩ። ባለጉዳይ የአባቱን ስም ብቻ ቢነግራቸው ፋይሉ በየትኛው መደርደሪያ፣ በስንተኛው ረድፍ እንዳለ በቃላቸው ያውቁ ነበር። ከሩቅ ገጠር በእግሩ የመጣ ገበሬ ከእርሳቸው ዘንድ ደርሶ ከቀትር በፊት ጉዳዩን ጨርሶ ይመለስ ነበር። አንድ የዕድገት ቦታ ሲከፈት ሁላችንም የእርሳቸው ነው ብለን ነበር። ቦታው ግን የኀላፊው ዘመድ ለሆነ፣ መደርደሪያና ረድፉን ላልለየ ወጣት ተሰጠ። እኒያ ሰው አልተቈጡም፤ አቤቱታም አልጻፉም። ደመወዛቸው አልተነካም፤ በሰዓታቸው ይገባሉ፣ በሰዓታቸው ይወጣሉ። ማስታወሳቸውን ግን አቆሙ። ፋይል ሲጠየቁ «ቁጥሩን ይዘህ ና» ማለት ጀመሩ። ቁጥሩን የሚሰጠው ክፍል ደግሞ ወረፋ ነበረው። ያው ገበሬ ጉዳዩን ለመጨረስ ሦስት ቀን በከተማ ማደር፣ ለመኝታና ለምግብም መክፈል ግድ ሆነበት። በዓመቱ መጨረሻ በወጣው ዘገባ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ በተለመደው ሁኔታ እየተካሄደ ነው ተብሎ ተጻፈ። ዘገባውን በንጹሕ የገለበጥነው እኛው ነን።

የዚህ ዓይነቱ ኪሳራ በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ አይታይም። በጥንቱ አሠራር ገበሬው ለሹሙ ማር ያገባ ነበር፤ በዚህኛው ደግሞ የሦስት ቀን ጊዜውንና የመኝታ ዋጋውን ከፈለ። በደመወዝ ያደረ ሠራተኛ እንኳ የዕድገቱ በር በኀላፊው ፈቃድ ከተያዘ ዐይኑን ከባለጉዳዩ ያነሣል።

ዛሬ ደግሞ ከምኤሶ ሜዳ ላይ አዲስ ሐዲድ ተዘርግቷል። የቀድሞው ጠባብ ሐዲድ በዚህ ወገን አገልግሎት ካቆመ ቆይቷል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደውና 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዲስ አበባና የጅቡቲ መሥመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የንግድ አገልግሎቱንም በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። ከሰበታ እስከ ምኤሶ ያለውን አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከምኤሶ እስከ ደወሌ ያለውን ሌላ የቻይና ኩባንያ ሠርቶታልና፣ ምኤሶ የሁለቱ ሥራ መጋጠሚያ ነበረች። ማሽከርከሩና ማስተዳደሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቻይናውያን እጅ ቆይቶ በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን ሠራተኞች ተላልፏል። የፈረንሳዩ ኩባንያ ሐዲዱ አዲስ አበባ ከገባ ከአርባ ዓመት በላይ ወስዶ ቀስ በቀስ የከፈተውን በር አዲሱ መሥመር ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ከፍቶታል።

መሥመሩ በዚህ ሁኔታ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ሲነገር ብዙው ሰው የሚቈጥረው የዕቃ መጫኛ ፉርጎዎችንና የኤሌክትሪኩን ወጪ ነው። እኛ ግን በሌላ መዝገብ ላይ ዐይናችንን ማሳረፍ እንወዳለን፤ ይኸውም የሠለጠኑት ነጂዎችና የምልክት ሠራተኞች ከአምስት ዓመት በኋላ ስንቱ በሥራቸው ላይ እንደሚገኙ፣ የጣቢያ ኀላፊነት ሲከፈትም ማን እንደሚሾምበት የሚመዘግበው ነው። የቅጥሩም የዕድገቱም ብዕር ዛሬ በኩባንያው የገዛ እጅ ላይ ነው፤ በምኤሶ ጣቢያ የሚያገለግለው ወጣትም ወደዚያ ብዕር ይመለከታል።